ቶምና ጄሪ የማን ናቸው?

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት እንጅባራና ዳንግላ እንደሌሎቹ የመንገድ ዳር ከተሞች ፊልም የለመዱት በቅጂ ነው። መጀመሪያ የካሴት ኪራይ ነበር፤ ቀጥሎ ቪሲዲ መጣ፤ በኋላም ፍላሽ ይዞ ሄዶ ማስጫን ሆነ። ለልጆች ከሚጫነው ውስጥ ቶምና ጄሪ አይጠፉም። ንግግር ስለማያበዙ አዊኛ ለሚናገረውም ሆነ ለአማርኛው ልጅ እኩል ይሸጣሉ። ሻጩ የሚያስከፍለው ግን የማስጫኛውን ነው፤ ለፊልሙ ዋጋ ያወጣለት የለም።

ፊልሙ ባለቤት አጥቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ የመጀመሪያውን ሲሠሩ የኤምጂኤም ስቱዲዮ ተቀጣሪዎች ነበሩ። እስከ 1958 ድረስ 114 አጫጭር ፊልሞች ወጡ፤ ንብረቱ የስቱዲዮው ሆነ። ክምችቱን በ1986 ቴድ ተርነር ገዛ፤ የተርነር ኩባንያ በ1996 ከታይም ዋርነር ጋር ሲዋሐድ ድመትና አይጡም አብረው ተሻገሩ። ባለቤት አለ ማለት ደግሞ ዕቃው ገበያ ላይ ይገኛል ማለት አይደለም። እዚያው አሜሪካ በ2013 ይወጣል የተባለው ሁለተኛው የዲቪዲ ስብስብ ሁለት ፊልሞች ተዘለውበት ገዢዎች አጉረመረሙ፤ ስብስቡም ሳይወጣ ቀረ።

ወደ እኛ ሕግ እንምጣ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የኢትዮጵያዊ ወይም የነዋሪ ሥራን፣ እዚህ መጀመሪያ ወይም በውጭ በወጣ በ30 ቀን ውስጥ እዚህ የታተመን፣ አዘጋጁ መሥሪያ ቤቱ ኢትዮጵያ የሆነን ፊልም፣ እንዲሁም አገሪቱ በገባችበት ስምምነት የተሸፈነን ነው። አዋጁ ሲወጣ ኢትዮጵያ የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። የቅጂ ነጋዴው ሳያውቀው የተጠለለው በዚህ ክፍተት ነው።

ይህ ጥላ ዘላቂ ነው ብሎ ገንዘብ ማፍሰስ ግን አያዋጣም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን አመልክታለች፤ የድርጅቱ ሕግ ደግሞ የበርንን ዋና ድንጋጌዎች ይዞ ይመጣል፤ ጥበቃው ዘመናቸው ላላለፈ የቆዩ ሥራዎችም ይደርሳል። እዚህ ላይ ሒሳቡን ይሥሩ፦ በአዋጁ የፊልም መብት የሚቆየው 50 ዓመት ነው። የ1958ቱ ቶምና ጄሪ በ2008 አለቀ። በ1981 የጀመሩት ስመርፎች ግን ገና እስከ 2031 ነው። ስማቸውንና መልካቸውን በቲሸርት ማተም ደግሞ በንግድ ምልክት ሕግ የሚታይ ሌላ ጉዳይ ነው።

እዚያው ፍላሽ ላይ አብሮ የሚጫነው የአገር ውስጥ ሥራ ከሆነስ? «ፀሐይ መማር ትወዳለች» አዲስ አበባ ያለው የዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ሥራ ነው። ጥበቃው ሙሉ ነው፤ አውቆ መብት ለጣሰ የ1996ቱ አዋጅ ያስቀመጠው ቅጣት ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ብዙ ባለሱቅ የሚፈራው የአሜሪካኑን እንጂ ይህን አይደለም፤ ፍርሃቱ ተገልብጧል።

ለባለገንዘብ ያለው ችግር ሌላ ነው። ዘመኑ ያለፈበትን ካርቱን እርስዎ በነፃ ካወጡት ጎረቤትዎም በነጋታው ያወጣዋል፤ ዋጋው እንደገና ወደ ማስጫኛ ይወርዳል። ስለዚህ ደላላ «የቶምና ጄሪን መብት ላሻሽጥህ» ብሎ ቢመጣ የየትኛው ዓመት ፊልም እንደሆነና ውሉን የፈረመው ማን እንደሆነ ሳያዩ ቀብድ አይክፈሉ።