የቀረው ልጅ ስም

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ሳምቡሳ በሳፋ ይዞ ሲዞር ያገኘሁት ልጅ ስምንት ዓመቱ ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የማስተምረው ልጅ ነበር። «ቲቸር፣ ቴሌቪዥኑ ተሰቀለ?» አለኝ። ተሰቅሏል። ከተሰቀለ ሁለት ወሩ ነው፤ ልጁ ከቀረ ሦስት ወሩ። መቅረቱን ያወቅሁት ግን እዚያው መንገድ ላይ፣ እሱ ሲጠይቀኝ ነው።

በልጆች ክፍላችን የተሰቀለው ቴሌቪዥን የልምድ ልውውጥ ፍሬ ነው። ሚኒባስ ተከራይተን፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የልጆች ክፍል ጎበኘን። ስልካችን በፎቶ ሞልቶ ተመለስን። ግድግዳቸው ላይ የኖኅ መርከብ ነበር፤ በወሩ የእኛም ግድግዳ ላይ ኖኅ ተሳለ።

በልጆች አገልግሎት አሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ። ሰው ዘንድ ሄዶ መማር ማለት ያዩትን ገዝቶ መምጣት ነው የሚለው ነገር ሰልችቶኛል። እዚያ ያሉት አስተማሪዎች ስንት ዓመት ከአንድ ክፍል ጋር እንደቆዩ ከመካከላችን የጠየቀ የለም። እኛ ዘንድ መዘምራን በጎደለ ቁጥር ሰው የሚነሣው ከልጆች ክፍል ነው። ሽማግሌዎቻችንም «ብቻ ስብከቱ እንዳይረበሽ ያዙልን» ይላሉ። ለመያዝ ከሆነ፣ እውነትም ቴሌቪዥን ይበቃል።

መቂ ከተማ ባለ የልጆች ክፍል ያየሁት ግን ሌላ ነው። የጭቃ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንዲት አስተማሪ። ጠረጴዛዋ ላይ ጠርዙ የተላላጠ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለ። በቀይ እስክሪብቶ አስምራዋለች፦ የልጁ ስም፣ የእናቱ ስም፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ። በመጨረሻው ዓምድ የቀረ ልጅ ነጥብ ይደረግበታል፤ ነጥብ ያለበት ቤት ማክሰኞ ይኬዳል። ቋንቋውን ለምን እንደምትጽፍ ስጠይቃት ሣቀችብኝ። ትምህርት ቤት በቁቤ የሚማር ልጅ የአማርኛ ጥቅስ ተነሥተህ አንብብ ሲባል ያፍራል፤ ያፈረ ልጅ ደግሞ ይቀራል። አዳማ ውስጥ እንዲህ ያለውን ልጅ «ዝምተኛ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይህንን ስናገር «እሷ እኮ ያላት ሠላሳ ልጅ ነው» ይሉኛል። ደብተሩስ ስንት ብር ነው?

ለዚህ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ሥሩ እዚሁ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት፣ የሆነው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ሲዘጋ ሕንፃዎቹ ተወረሱ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። ምእመኑ ጥቂት ጥቂት እየሆነ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በየቤቱ ተሰበሰበ። ሲዘጋ 5 ሺህ ገደማ የነበረው አባል፣ ደርግ በወደቀበት በ1983፣ 34 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። ስድስት ሰባት ሆኖ የሚቀመጥ ሰው አንድ ሲጎድልበት ለማወቅ ስም መጥራት አያስፈልገውም።

የቄስ ትምህርት ቤትንም ስጠቅስ ወንጌላውያን ወገኖቼ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ግን እዩት፦ ፊደል የለየው ላልለየው ያስቆጥራል፤ ዳዊት የደረሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ታናሹን ይይዛል። ትልቁ ልጅ ለትንሹ ተጠሪ ነው። እኛ የአሥራ ሁለት ዓመቷን ልጅ «አድገሻል» ብለን እናሰናብታለን፤ ከዚያ አስተማሪ አጣን እንላለን።

የሰንበት ትምህርት ቤት ራሱ እንዴት እንደተስፋፋ ብናስታውስ ደግሞ እናፍራለን። እንግሊዛዊው የጋዜጣ አሳታሚ ሮበርት ሬክስ እ.ኤ.አ. በ1780 ግሎስተር ላይ ሲጀምር፣ የፈለገው ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ የሚውሉትን ድኻ ልጆች ነበር። እሑድን የመረጠው ልጆቹ ከሥራ የሚያርፉት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ነው። እሑድ ገበያ ያለበትን ልጅ በየትኛው ቀን እናግኘው የሚለውን ኮሚቴያችን አንድም ቀን አጀንዳ አድርጎት አያውቅም። የቴሌቪዥኑ ጉዳይ ሦስት ስብሰባ ፈጅቷል።

በሚቀጥለው ወር ለሌላ የልምድ ልውውጥ ሻሸመኔ ልንሄድ ሚኒባስ ተይዟል። ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ አድርጉ ብያለሁ። የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ባለፈው እሑድ የቀረው ልጅ ስሙ ማን ነው? «ቆይ፣ ደብተሩን ላምጣ» የሚል ከተገኘ፣ ቀኑን ሙሉ ያንን ደብተር እናገላብጣለን። ግድግዳውን አናይም።