ጀሶ ተፈታ ማለት እጅ ዳነ ማለት አይደለም

ከእኛ ከመምህራኑ አንዷ ውሃ ቀድታ ስትመለስ አዳልጧት በመዳፏ ወደቀች። የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ክሊኒኩ ያለ ኦፕራሲዮን አጥንቱን አቃንቶ በጀሶ አሰረላት። በ6 ሳምንቱ ሲፈታ ግን ጣቶቿ ጠመኔ መያዝ አቃታቸው። «በቃ፣ እጄ ቀረ» ብላ አለቀሰች።

ለካ አጥንቱ ቢገጥምም ሳይንቀሳቀስ የከረመ እጅ ይደርቃል። ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ጀሶው ሳይፈታ ጀምሮ ጣታችሁን፣ ክርናችሁንና ትከሻችሁን አንቀሳቅሱ። ከተፈታ በኋላ እጃችሁን ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ አንጓውን በቀን ደጋግማችሁ ቀስ እያላችሁ አጠፍ ዘርጋ አድርጉ። ጀሪካን ለመሸከም አትቸኩሉ፤ ጉልበቱ የሚመለሰው በወራት ነው።

ጣት ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ግን ሳታድሩ ክሊኒክ ሂዱ። ወጌሻም ይሁን ሐኪም ያሰረው፣ ከልክ በላይ የጠበቀ እጅ ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

ጓደኛችን በ3ኛው ወር ወደ ጥቁር ሰሌዳዋ ተመልሳለች።