የጭስ መላሹ ቫልቭና የአጥቢያው መኪና

ከገንዳ ውሃ ወደ አይከል ዳገቱን የሚወጣ፣ ቱርቦ ያለው የናፍጣ መኪና ኃይል አጥቶ ጥቁር ጭስ ሲያወጣ፣ ብዙዎቻችን ቱርቦው ተበላሸ እንላለን። ይሁን እንጂ ምክንያቱ መካኒኮች ኢ.ጂ.አር የሚሉት የጭስ መላሽ ቫልቭ ሊሆን ይችላል። ምእመናን በሰጡት ገንዘብ ውድ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት አሠራሩን ማወቅ ይገባናል።

ይህ ቫልቭ ከሞተሩ ከሚወጣው ጭስ ጥቂቱን መልሶ ያስገባል። የተመለሰው ጭስ የቃጠሎውን ሙቀት ስለሚቀንስ፣ ሳንባን የሚጎዳው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ያንሳል። ሞተሩ ከባድ ጭነት ሲሸከም ግን ቫልቩ መዘጋት አለበት። ጥላሸት ይዞት ክፍት ከቀረ፣ ቱርቦው የሚገፋው ንጹሕ አየር ያንሳል፤ ናፍጣውም በቅጡ አይቃጠልም።

አዲሱ ሲገጠም ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የባትሪው ገመድ ይነቀል። በአየር መግቢያው ያለው ጥላሸት ወደ ሞተሩ ሳይወድቅ ይጠረግ። አሮጌው ጓርኒሲዮን ዳግመኛ አይገጠም፤ ብሎኖቹም እኩል ይጥበቁ፤ በቱርቦ ሞተር ላይ ጥቂት ክፍተት እንኳ የታመቀውን አየር ያስወጣልና። የጭሱ ማቀዝቀዣ ተፈትቶ ከነበረ ውሃው ተሞልቶ በውስጡ የቀረው አየር ይውጣ፤ በቆላው ሙቀት ይህ ችላ ከተባለ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

ቫልቩን በቆርቆሮ መድፈን ርካሽ ይመስላል፤ ጎጂውን ጋዝ ግን ለልጆቻችን መተው ነው። ስለዚህ ክፍያ ከመፍቀዳችን በፊት አሮጌው ቫልቭ ተፈትቶ እንዲታይ እንጠይቅ፤ ችግሩ ጥላሸት ብቻ ከሆነ ማጽዳቱ ሊበቃ ይችላል።