የቱ መዝጊያ ለየትኛው ቧንቧ?

ከእናንተ መካከል ትምህርቱን ፈጽሞ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በቅርቡ የተቀጠረ ሰው ቢኖር፣ አንድ ቀን እንዲህ የሚል የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ከጠረጴዛው ላይ መቅረቡ አይቀርም፤ «ቫልቭ፣ ባለ 4 ኢንች፣ ብዛት 6»። ቅጹ ማኅተም አለው፤ ፊርማ አለው፤ በጀቱም ተፈቅዷል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የቫልቩ ዓይነት ነው። ብዙዎቻችን ቫልቭ ሁሉ አንድ ይመስለናል፤ ውኃ ይከፍታል፣ ውኃ ይዘጋል፣ በቃ። እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር።

የማስተምረው በጋይንት ምድር፣ ከቤተ ልሔም ብዙ በማይርቅ አንድ ትንሽ ከተማ ነው። ቤተ ልሔምን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር የድጓ ማስመስከሪያ መሆንዋን ልንገረው፤ ከየአገሩ የዜማ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ የሚመጣባት ቦታ ናት። በዚህ አገር ውኃ ጠፍቶ አያውቅም። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሞ፣ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና ይሰዳል። ችግሩ ውኃው ከገደሉ በታች፣ ሰውም ከአምባው በላይ መኖሩ ነው። ስለዚህ እንስራውም ሆነ የዛሬው ቢጫ ጀሪካን ሁልጊዜ ዳገት ይወጣል፤ የሚያወጡትም ሴቶችና ልጆች ናቸው።

የከተማችን ውኃ በኮረብታ ላይ ካለው ማጠራቀሚያ ተነሥቶ 2,400 ሜትር በሚሆን የብረት ቧንቧ ይወርድና ለላይ ሰፈርና ለታች ሰፈር ቦኖዎች ይከፈላል። ታች ሰፈር ዝቅ ያለ ስለሆነ ውኃውን ሁሉ ይስበዋል፤ ላይ ሰፈር ደግሞ ባዶ ቧንቧ ሲያፏጭ ይሰማል። ውኃ ከፋቹ ሽማግሌ ለዚህ አንድ ብልሃት አገኙ፤ ወደ ታች ሰፈር የሚወስደውን ጌት ቫልቭ በግማሽ ዘግተው መተው ነው። ሁለት ዓመት ያህል ደኅና ሠራ። ከዚያ በኋላ ግን ቫልቩ ሌሊት ሌሊት እንደ ንብ ቀፎ መጮኽ ጀመረ፤ በመጨረሻም እስከ ዳር ቢያዞሩት የማይዘጋ ሆነ።

ጌት ቫልቭ ማለት ስሙ እንደሚያስረዳው በር ነው። በሆዱ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ያለ ብረት አለ፤ መዘውሩ ሲዞር ይህ ብረት ወደ ላይ ይወጣና መንገዱን ፈጽሞ ለቆ ውኃው በቀጥታ ያልፋል። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ውኃውን እንቅፋት አይሆንበትም፤ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋም ደኅና ይይዛል። በግማሽ ሲቆም ግን ውኃው ከሽብልቁ በታች ባለችው ጠባብ ቀዳዳ በኀይል ስለሚሾልክ ብረቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ መቀመጫውንም አሸዋ እንደያዘ ሞረድ ይበላዋል። የሽማግሌው ቫልቭ የሞተው በዚህ ነው። ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም፤ ለመመጠን የተሠራ መዝጊያ ማንም አልሰጣቸውም።

ለመመጠን የተሠራው ግሎብ ቫልቭ የሚባለው ነው። ሆዱ ክብ ነው፤ ውኃው በውስጡ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እጥፍ ብሎ ወደ ላይ ይወጣና በአንድ ቀለበት መካከል ያልፋል። ከላይ የሚወርደው ክዳን ወደ ቀለበቱ በቀረበ ቁጥር ውኃው በልክ ይቀንሳል። ዋጋው ግን በግፊት ይከፈላል፤ በመማሪያ መጻሕፍት በተለመደው ግምት፣ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ጌት ቫልቭ የመቋቋሚያ ቁጥሩ 0.2 ያህል ሲሆን የግሎብ ቫልቭ 10 ይደርሳል። ሃምሳ እጥፍ ማለት ነው! እንግዲህ በዋናው መስመር ላይ ግሎብ የሚያስቀምጥ ሰው ከተራራው በነጻ ያገኘውን ግፊት በከንቱ ይጥለዋል። ደግሞም በገላው ላይ የተቀረጸውን ቀስት ሳያዩ አዙሮ መግጠም ትልቅ ስሕተት ነው። የቤተ ልሔም መሪጌታ ቁርጥን ከሂደት እንደማያደናግሩ ሁሉ፣ የቧንቧ ሠራተኛም የሚቆርጠውን ከሚመጥነው መለየት አለበት።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ጌት ቫልቩ ከተበላሸ በኋላ በዚያ እንደ ጠቀስኩት ባለ ቅጽ አዲስ ቫልቭ ተገዛ። የመጣው ቦል ቫልቭ ነበር፤ ደስ የሚል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ረጅም እጀታ ያለው። በውስጡ መሐሉ የተበሳ ኳስ አለ፤ እጀታው ከቧንቧው ጋር ሲተካከል ክፍት ነው፣ ሩብ ዙር ሲዞር ዝግ ነው። ከሩቅ አይቶ ክፍትና ዝግ መሆኑን ለማወቅ ከእርሱ የሚሻል የለም፤ ሲዘጋም ጠብታ አያሳልፍም። ይህንኑ በዋናው መስመር መጨረሻ፣ በከተማው መግቢያ ላይ ገጠሙት። አንድ ቀን ማታ ሽማግሌው እጀታውን በአንድ ግፊት ዘጉት። ከመሬት በታች እንደ መድፍ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ በጅረቱ ማቋረጫ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ተበጠሰ። በነጋታው ሳገኛቸው «መምህር፤ እኔ በሩን ዘጋሁ እንጂ ምን አደረግሁ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከተማው 11 ቀን ያለ ውኃ ቆየ፤ በእነዚያ ቀኖች በክፍሌ ካሉት ሴቶች ተማሪዎች እኩሌታው በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ አልነበሩም። የት እንደነበሩ ለመጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ወደ ገደሉ የሚወርደው መንገድ ከመስኮቴ ይታያል።

ስለዚህ ድምፅ አስቀድሞ በደንብ ያጠናው ሰው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ የተባለው የሩሲያ ሊቅ ነው። የሞስኮ የውኃ ቧንቧዎች እየፈነዱ ስላስቸገሩ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1897 ጀምሮ በረጃጅም ቧንቧዎች ላይ ሙከራ አደረገ። ያገኘውም ይህ ነው፤ በቧንቧ ውስጥ የሚሮጥ ውኃ በድንገት ሲታገድ፣ የግፊት ማዕበል በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1,200 ሜትር ያህል እየበረረ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ደርሶም ይመለሳል። ውኃው በሰከንድ 1 ሜትር ብቻ ይሄድ ከነበረ እንኳ፣ የሚጨመረው ግፊት ከ120 ሜትር ከፍታ ላይ እንደቆመ ውኃ ይከብዳል። ፈረንጆች የውኃ መዶሻ ይሉታል።

እስቲ ከእኔ ጋር አስሉ። ማዕበሉ የእኛን 2,400 ሜትር ሄዶ ለመመለስ 4,800 ሜትር ይጓዛል፤ ይህን ለ1,200 ስናካፍለው 4 ሰከንድ ይሆናል። ከ4 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚዘጋ መዝጊያ ሁሉ የመዶሻውን ሙሉ ኀይል ያወርዳል። ቦል ቫልቩ የተዘጋው ምናልባት በአንድ ሰከንድ ነው። ቀርፋፋው፣ እጅ የሚያደክመው ጌት ቫልቭ ግን ባለ 4 ኢንች ከሆነ 14 ዙር ያህል ይፈልጋል። መጎተቱ ራሱ ጥበቃ ነበር። (ተማሪዎቼ ይህን ስሌት በፈተና ሲያገኙት አልወደዱትም፤ መገጣጠሚያውን ወስጄ ካሳየኋቸው በኋላ ግን ጥያቄ በዛብኝ።) የፕላስቲክ ቧንቧ ስለሚለጠጥ ማዕበሉ ይዘገያል፣ መዶሻውም ይቀልላል፤ ሆኖም የቧንቧው ጥንካሬም በዚያው ልክ ያነሰ ነውና አትዘናጉ።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ ላውጋችሁ። ቢራቢሮ ቫልቭ በመሐሉ የሚሽከረከር ክብ ሰሌዳ ያለው ነው፤ ቧንቧው እየሰፋ ሲሄድ ጌት ቫልቭ እጅግ ከባድና ውድ ስለሚሆን በሰፋፊ መስመር ላይ ይመረጣል። ቼክ ቫልቭ ማንም የማያዞረው፣ ውኃን ወደ ፊት አሳልፎ ወደ ኋላ የማይመልስ ነው፤ ፖምፕ ባለበት ሁሉ ያስፈልጋል፤ አለዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር የወጣው ውኃ ተመልሶ ይወርዳል። የአየር ማስወጫ ቫልቭ ደግሞ እንደ ጋይንት ወጣ ገባ በሆነ አገር የግድ ነው፤ መስመሩ ጉብታ ላይ ሲወጣ አየር እዚያ ይከማችና ያለ ምንም ስብራት ውኃው ይቀንሳል። ሰው ምንጩ ደረቀ ብሎ ያዝናል፤ የታሰረው ግን አየር ነው።

ይህ ሁሉ የትንሽ ከተማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ኀይል ማመንጫም፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስም የሚታገሉት ከዚሁ ከሚሮጥ ውኃ ጋር ነው። በዚያ ያለው የውኃ ክብደት ከእኛ ጋር አይወዳደርም፤ መሐንዲሶቹ መዝጊያው በስንት ሰከንድ እንደሚዘጋ አስቀድመው የሚያሰሉት ስለዚህ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወደ ማቅለሚያ ገንዳ የሚሄደውን እንፋሎት ለመመጠንም የሚያገለግለው ያው ግሎብ ቫልቭ ነው።

እንግዲህ ቅጹ በእጃችሁ ሲገባ ከመፈረም በፊት የጠየቀውን ሠራተኛ ጥሩት፤ መቁረጥ ነው ወይስ መመጠን? በየቀኑ የሚነካ ነው ወይስ በዓመት አንድ ጊዜ? መስመሩ ስንት ሜትር ነው? ከማጠራቀሚያው እስከዚያ ድረስ ያለው ቁልቁለትስ? በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት አንድ ባር ግፊት ይጨመራልና፣ በቫልቩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከዚያ መብለጥ አለበት። መልሱንም በቅጹ ላይ ጻፉት፤ ገዢው በገበያ ላይ ርካሹን ፈልጎ እንዳይመጣ።

በእኛ ከተማ ዛሬ በዋናው መስመር ላይ ጌት ቫልቭ፣ በታች ሰፈር መክፈያ ላይ ግሎብ ቫልቭ አለ። ቦል ቫልቩም አልተጣለም፤ መስመር ለውጦ አጭር ቧንቧ ባለበት በማጠቢያው ቦታ ያገለግላል። ሽማግሌው ማታ ማታ መዘውሩን ሲዘጉ እንደ ድሮ ዜማ ተማሪነታቸው ድምፅ እያወጡ ይቆጥራሉ። 12 ላይ ሲደርሱ ያርፋሉ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ዙር ደግሞ ከሁሉም ይልቅ በዝግታ ያዞሯቸዋል።