ባለሙያው በምርመራ ክፍል

የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር በ2005 ባወጣው ሪፖርት ባለሙያዎች በእስረኞች ምርመራ እንዲያማክሩ ፈቀደ፤ መገኘታቸው እስረኛውን ከጉዳት ይጠብቃል በሚል። ተቃዋሚ አባላት ግን ደመወዙን ከአሳሪው የሚቀበል ባለሙያ እስረኛውን እንዴት ሊጠብቅ ይቻለዋል ሲሉ ጠየቁ። ከፊሎቹ የአባልነት መዋጮ ከለከሉ፤ ሜሪ ፓይፈር በ2007 ማኅበሩ የሰጣቸውን ሽልማት መለሱ።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ የ2002ቱ የሥነ ምግባር ደንብ አንድ አንቀጽ ነው፦ ሥነ ምግባርና ሕግ ተጋጭተው ግጭቱ ካልተፈታ ባለሙያው ሕጉን መከተል ይችላል ይላል። ኑረምበርግ ላይ ውድቅ የሆነው «ታዝዤ ነው» የሚለው መከላከያ በዚህ በር ተመልሶ ገባ። አንቀጹ የተሻሻለው በ2010 ነው፤ ማኅበሩ ባለሙያዎች በብሔራዊ ደኅንነት ምርመራ እንዳይሳተፉ የከለከለው ደግሞ በ2015፣ ነጻ አጣሪ የኃላፊዎቹን ከመከላከያ ሹማምንት ጋር መመሳጠር ካጋለጠ በኋላ።