አንድ ሠንጠረዥ፣ ሦስት የቀን አቆጣጠር

የዋትሳፕ ግሩፕ ወሬ ይሸከማል፤ ሥራ ግን አይሸከምም። ጅዳ ውስጥ፣ ከአሮጌው ከተማ ከበለድ በስተሰሜን፣ ሩዋይስ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያን መነሻቸው አድርገው ለወገኖቻቸው መረጃ የሚያዘጋጁ አምስት ሰዎች አሉ እንበል። አንዱ ሹፌር ነው፤ አንዷ ሱቅ ትሠራለች፤ አንዷ መካ ነርስ ናት፤ አንዱ ቪዲዮ ይቆርጣል፤ አምስተኛው አዲስ አበባ ተቀምጦ ጽሑፍ ያርማል። የሚያዘጋጁት በሰው ቤት ለሚሠሩ እኅቶች ነው፦ ስለ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ ስለ ሙሳነድ (የቤት ሠራተኛ ቅጥር መድረክ) ውል፣ ገንዘብ ስለ መላክ፣ ስለ ጤና። ሐሳብ ሞልቷቸዋል። ችግሩ ሐሙስ ማታ ይመጣል። «አንተ የያዝከው መስሎኝ» ትላለች አንዷ፤ «እኔ ደግሞ አንቺ» ይላል ሌላው። የተስማሙበት መልእክት ከሁለት መቶ ሰላምታና ከሠላሳ የድምፅ መልእክት በታች ተቀብሯል።

ለእንዲህ ያለው ቡድን የሚበጀው መሣሪያ፣ የኮምፒውተር ሠንጠረዥ፣ ርካሽ ነው፤ ስልካቸው ላይም አለ። በ1979 እ.ኤ.አ. ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን የሠንጠረዥ ፕሮግራም ለአፕል 2 ኮምፒውተር አወጡ። ብሪክሊን ያኔ የሃርቫርድ ተማሪ ነበር። በወረቀትና በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ቁጥር ሲስተካከል ሌላው ሁሉ ተደምስሶ እንደገና መሰላት ነበረበት፤ ቪዚካልክ ያንን ድካም አስቀረ። በ1985 ኤክሴል መጣ። በ2006 ደግሞ ጎግል ያንኑ ሠንጠረዥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት አደረገው። የተሠራው ለሒሳብ ነበር፤ ሰው ግን ሥራውን መመዝገቢያ አደረገው።

አሠራሩ ቀላል ነው፦ አንድ ረድፍ አንድ ሥራ። ከሩዋይሱ ቡድን አንዱን ረድፍ ቀረብ ብለን እንየው። ርዕስ፦ «አሠሪዬ ኢቃማዬን ካላደሰልኝ ማንን ልጠይቅ?» ዓይነት፦ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ። የሚወጣበት፦ ቲክቶክና ቴሌግራም። ባለቤት፦ ሱቅ የምትሠራዋ። ሁኔታ፦ እርማት ላይ። የሚወጣበት ቀን፦ ሐሙስ። የፋይሉ ማስፈንጠሪያም ከጎኑ አለ። በቃ፤ ሌላ አያስፈልግም።

ከነዚህ ሁሉ እኔ አጥብቄ የምይዘው የባለቤቱን ዓምድ ነው። እዚያ አንድ ስም ብቻ ይግባ። ሁለት ስም የተጻፈበት ሥራ ባለቤት የለውም። ረዳት ካለ ሌላ ዓምድ ይሠራለት። የሁኔታው ዓምድ ደግሞ በእጅ የሚጻፍ ሳይሆን ከዝርዝር የሚመረጥ ይሁን፦ ሐሳብ፣ ጽሑፍ፣ እርማት፣ ቀረጻ፣ ዝግጁ፣ ወጣ። አንዱ «አለቀ»፣ ሌላው «ተጠናቀቀ»፣ ሦስተኛው «ጨርሻለሁ» ብለው ከጻፉ፣ ለሰው አንድ ነው፤ ለማጣሪያው ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው። ከዝርዝር ከተመረጠ፣ እርማት የሚጠብቀውን ብቻ አሳየኝ ስትሉት ወዲያው ለይቶ ያወጣላችኋል።

ዋናው ፈተና ያለው ቀኑ ላይ ነው። የሩዋይሱ ቡድን በሦስት አቆጣጠር ይኖራል፤ ቤተሰቡ፣ እንቁጣጣሹና ገናው በእኛ፤ ረመዳኑና ሐጁ በሂጅራ፤ ስልኩና ባንኩ በጎርጎርዮሳዊው። ሠንጠረዡ ግን የሚያውቀው ቀን ሳይሆን ቁጥር ነው። ኤክሴል ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን አንድ ብሎ ይጀምርና እያንዳንዱን ቀን ይቆጥራል። መስከረም 1 ቀን 2018፣ ማለትም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025፣ ለእሱ 45911 ነው። አሁን አዲስ አበባ ያለው አራሚ የጳጉሜን 5 ቀን 2017ን ሥራ ለመመዝገብ 5/13/2017 ብሎ ጻፈ እንበል። ወርን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ሠንጠረዥ ምንም ሳይጠይቅ ሜይ 13 ቀን 2017 ብሎ ይቀበለዋል። ሥራው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው፤ በቀን ተራ ሲደረደርም ካለፉት ሥራዎች መካከል ይሰወራል። ቀንን በሚያስቀድም ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ሁለቱም ስሕተት ቀይ መብራት አያበራም።

መፍትሔው አንድ ነው፦ መሣሪያው የሚቆጥርበት ዓምድ በጎርጎርዮሳዊው ይሁን፤ የእኛው ቀን ከጎኑ በራሱ ይምጣ። ሌላ ገጽ ላይ የአሥራ ሦስቱን ወራት መባቻ ከጎርጎርዮሳዊው ቀን ጋር ደርድሩና በፍለጋ ቀመር አገናኙት። የወራቱን መባቻ ግን በየዓመቱ ማደስ ያስፈልጋል፤ የ2020 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላልና። ቀመር የሚለው ቃል ራሱ ለእኛ አዲስ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት 532 ዓመት የሚዞረውን ዑደት ዐቢይ ቀመር ይሉታል፤ ጾምና በዓልን በሠንጠረዥ ሲያወጡ የኖሩት ኮምፒውተር ሳይታሰብ ነው።

ሂጅራው ዓምድ ለብቻው ይገባዋል። ረመዳን ሳዑዲ ውስጥ በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2 ገባ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካቲት 22። ያለፈውን ዓመት እቅድ ገልብጦ የለጠፈ ቡድን በመጀመሪያዎቹ አሥር የጾም ቀናት ምንም ሳያዘጋጅ ይገኛል። በዚያ ወር ደግሞ የሰው ውሎ ይገለበጣል፤ ቀን ጸጥ ብሎ የዋለው ከተማ ሌሊት ይነቃል፤ የሚለጠፍበትም ሰዓት አብሮ መዞር አለበት።

ስለ ሰዓት ካነሣን፣ ጅዳና አዲስ አበባ በአንድ የሰዓት ቀጣና ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ ይሳሳታሉ። «3፡00» ተብሎ ከተጻፈ ለአራሚው ጠዋት ነው፤ ለስልኩ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ማታ ሦስት ሰዓት ለማለት 21፡00 ብላችሁ ጻፉ። የሳምንቱ ዕረፍትም የአገሩን ይከተል፦ ሳዑዲ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓርብና ቅዳሜ ታርፋለች፤ ከዚያ በፊት ሐሙስና ዓርብ ነበር።

አንድ ዓምድ ቀርቶኛል፤ ብዙ ቡድን ይረሳዋል። «መጨረሻ የተረጋገጠበት ቀን» በሉት። ከ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የጅዳ ከተማ አስተዳደር በርካታ አሮጌ ሰፈሮችን አፍርሷል፤ ከሩዋይስም ከፊሉ ፈርሷል። ከዚያ በፊት «ሩዋይስ እገሌ ሱቅ አጠገብ» ተብሎ የወጣ አድራሻ ዛሬ ፍርስራሽ ወይም ባዶ መሬት ሊሆን ይችላል። አንዲት እኅት ዓርብ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት ፈቃድ አግኝታ በዚያ አድራሻ ከሄደች፣ የጠፋው የእሷ ዕረፍት ነው። የክፍያ ልክ፣ የስልክ ቁጥርና የቢሮ አድራሻ ያለበት ረድፍ ሁሉ ሦስት ወር ሲሞላው ቀለሙ እንዲቀየር አድርጉ፤ ያ ረድፍ እንደገና ሳይረጋገጥ አይለጠፍ።

ግሩፑን መዝጋት አያስፈልግም፤ ሰላምታውና ጭውውቱ እዚያው ይቀጥል። ውሳኔ ሲደረስ ግን እዚያው ሳለ ሠንጠረዡ ላይ ይመዝገብ። ቡድን ካላችሁ ከቀኑ ዓምድ ጀምሩ፤ ለሙከራም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ብላችሁ አስገቡና ሣጥኑን ወደ ተራ ቁጥር ለውጡት። 46276 ካላችሁ መስከረም 1 ቀን 2019ን በትክክል ይዟል።