ሁለቱ የእጅ ጌሞች

ዛሬ ስለ ሁለት የድሮ የእጅ ጌሞች እናወራለን።

ጌምቦይ የኒንቴንዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በጃፓን ወጣ። ስክሪኑ ከለር የለውም፤ ስለማያበራም ጨለማ ውስጥ አይታይም። በ1990 ደሞ ሴጋ ጌም ጊርን አወጣ። እሱ ከለር አለው፤ ስክሪኑም ያበራል።

ታዲያ የትኛው በብዛት ተሸጠ? ጌምቦይ! ለምን?

አንደኛ፣ ጌም ጊር 6 ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ተደርጎለት የሚሠራው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከለሩና መብራቱ ድንጋዩን ቶሎ ይጨርሱታል። ጌምቦይ ግን በ4 ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ያጫውታል። ሁለተኛ፣ ዋጋው ይቀንስ ነበር። ሦስተኛ፣ ቴትሪስ የሚባል ጌም ነበረው። ቴትሪስን የሠራው ሩሲያዊው አሌክሲ ፓጂትኖቭ ነው። ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች እያገጣጠምን መስመር እንሞላለን፤ የሞላው መስመር ይጠፋል። ሕጉ ወዲያው ይገባል፤ ማቆም ነው የሚከብደው!

እና ልጆች፣ ጓደኛችን በእናቱ ባለ ቁልፍ ስልክ የእባብ ጌም ሲጫወት «ይሄ ደሞ ጌም ነው?» ብለን አንሳቅበት። ጥሩ ጌም በስክሪኑ አይለይም።